ሰማዕቱና ፈረሰኛው፤ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል

በቦሌና በየካ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ፣ ጧፍና የጸሎት መጻሕፍት ከሚሸጡባቸው ሱቆች አንድ ሥዕል አይታጣም፤ ይኸውም በማተሚያ የተባዛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። ፈረሱ ነጭ ነው፤ ፈረሰኛው የሮማ ወታደር የራስ ቁር ደፍቷል፤ ዘንዶው ከሥር ተወግቶ ወድቋል። ሥዕሉ በሥራው ክፉ ነው ለማለት አይቻልም፤ የፈረሱ ጡንቻና የሰማዩ ደመና በሚገባ ተሥሏል። ነገር ግን ከአገራችን ሠዓልያን ሥራ ጋር ላስተያየው ሰው ብዙ ነገር ጎድሎበታል።

አስቀድሞ እግሩን እንመልከት። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሥዕል ቅዱሱ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡንም የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ይህ የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም፤ የአገራችን ፈረሰኛ የሚጋልበው እንዲህ ነበርና። ስለዚህ ሥዕሉ ለጸሎት የተሣለ ቢሆንም ለባህል ተመራማሪ ምስክር ሆኖ ይኖራል። በታተመው ላይ ግን ጫማ እንጂ ጣት አይታይም። ከዛፍ ላይ ወጥታ የምናውቃት ብሩታዊትም ወይ ከሩቅ ቆማለች፤ ወይ ጭራሽ የለችም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጉድለት ሌላ ነው። ጊዮርጊስ ሰማዕት ነው። ገድሉ እንደሚተርከው በዱድያኖስ እጅ ሰባት ዓመት መከራ ተቀበለ፤ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ፤ በመጨረሻም አንገቱን ተሰይፎ ዐረፈ። ዘንዶውን መግደሉ ከተአምራቱ ይቆጠራል እንጂ ሰማዕትነቱ እርሱ አይደለም። ይህንም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ያውቅ ነበር፤ ፈረሰኛውን በትልቁ ከሣለ በኋላ መንኰራኵሩን፣ እሳቱንና ሰይፉን ለየብቻው ሥሎ በግዕዝ ይጽፍበታል። ቅዱሱን በሁለት ዓይን፣ አሠቃዮቹን በአንድ ዓይን ስለሚሥል ፊደል ያልቈጠረም ማን ማን እንደ ሆነ ይለያል። የታተመው ሥዕል መከራውን ትቶ ድሉን ብቻ አስቀረ።

እርግጥ ሕዝቡ ፈረሰኛውን የወደደው ማተሚያ ከመጣ ወዲህ አይደለም። የዐድዋ ድል የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ይህ ከልብ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ከውጭ መቅዳትም በራሱ ነቀፋ የለውም። ኢየሱሳውያን ያመጡትን በሮማ ያለችውን የሳንታ ማርያ ማጆሬን የእመቤታችንን ሥዕል የእኛ ሠዓልያን ቀድተዋል፤ ዳሩ ግን መልኳን ወደ አገር መልሰው፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቁመውላታል። የዛሬው ሥዕል የሠዓሊ እጅ ሳይነካው እንዳለ ከማተሚያ ወደ ግድግዳ ይሄዳል።

ማተሚያውን ግን ከመንቀፍ ይልቅ ሥራ ብንሰጠው ይሻላል። በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተሰበሰቡ ብዙ የጥንት ሥዕሎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ በጥሩ ወረቀት ታትሞ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ዋጋ ቢቀርብ ገዥው የትኛውን እንደሚያነሣ ለማየት እፈቅዳለሁ።