የተወለወለ ዘንግ ለመኪና ሻንሲ ምስክር ይሆናልን?

ስለ መኪና ሻንሲ በሚጻፉ የተማሪዎች ጥናቶች አንድ የተለመደ አካሄድ አለ። ይኸውም አጥኚው ለሻንሲው ከታሰበው ብረት ቀጭን ዘንግ ያስቀርጽና ይወለውላል፤ በማሽን እያሽከረከረ እስኪሰበር ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻም ያገኘውን የድካም ወሰን ይዞ፣ የሻንሲው ውጥረት ከዚህ በታች እስከ ሆነ ድረስ ሻንሲው ከቶ አይሰበርም ብሎ ይደመድማል። እኛ ፈተናውን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ከፈተናው ወደ መደምደሚያው የተዘለለውን ገደል ነው።

ፈተናው የከበረ ታሪክ አለው። በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ የፕሩሲያ ምድር ባቡር መሐንዲስ የነበረው አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ እስከ 1870 ድረስ ባደረገው ሙከራ፣ ብረት ለአንድ ጊዜ በቀላሉ የሚችለው ውጥረት ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ሊሰብረው እንደሚችል አስረዳ። ቮለር የመረመረው አክስልን ነበር። አክስል ክብ ነው፤ ይሽከረከራል፤ በየዙሩም ይጎብጣል። ስለዚህ ፈተናው ከተፈታኙ ጋር ይመሳሰል ነበር። ሻንሲ ግን አክስል አይደለም፤ ልዩነቱም በሦስት ነገር ይታያል።

መጀመሪያ፣ ሻንሲ የሚሰነጠቀው በንጹሑ ብረት ላይ ሳይሆን በመጋጠሚያው ላይ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ወራጆችና አግዳሚዎቻቸው በሪቬት፣ በቡሎን ወይም በብየዳ ይያያዛሉ። በብየዳው ጠርዝ ገና ከጅምሩ ጥቃቅን ጉድለቶች ይኖራሉ፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝም በውስጡ የሚቀር ውጥረት አለ። የተወለወለው ዘንግ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚፈጀው ስንጥቁ እስኪወለድ ድረስ ነው፤ በብየዳው ዘንድ ግን ይህ ዘመን ከሞላ ጎደል ተዘሏል። ዩሮኮድ 3 የሚባለው የአውሮፓ የብረት ሥራ ደንብ ለአንድ ዓይነት የብየዳ መጋጠሚያ፣ ብረቱ ተራም ይሁን ብርቱ፣ አንድ ዓይነት የድካም መጠን የሚሰጠው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የብየዳው ጠርዝ በመሞረድ ወይም በመቀጥቀጥ ካልታረመ በቀር፣ ውድ ብረት መግዛት ብቻውን የሻንሲውን ዕድሜ አያረዝምም።

ሁለተኛ፣ በማሽኑ ላይ ያለው ጭነት አንድ ዓይነት ሲሆን የመንገዱ ጭነት ይለዋወጣል። መኪናው ባዶውንም ተጭኖም ይሄዳል፤ ጉድጓድ ያጋጥመዋል፤ ፍሬን ይያዝበታል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ከፍ ሲል ሻንሲው ይጠመዘዛል። ፓልምግሬን በ1924፣ ማይነርም በ1945 እያንዳንዱ ዙር ከዕድሜው የየድርሻውን ይቀንሳል፤ ድርሻዎቹ ተደምረው አንድ ሲሞሉ ብረቱ ይሰበራል የሚል ስሌት አቀረቡ። ስሌቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከባዱ ጭነት ቀድሞ ይምጣ ወይም ዘግይቶ ይምጣ አይለይም። ጀርመናዊው ኤርንስት ጋስነር በ1939 ጭነቱን በስምንት ደረጃ እያፈራረቀ የመፈተንን መንገድ ያቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ከባድ ጭነት አንድ ጊዜ ስንጥቅ ከከፈተ ከድካም ወሰኑ በታች ያሉት ትንንሽ ጭነቶች ስንጥቁን ማስፋት ይጀምራሉ። ስለዚህ «ከቶ አይሰበርም» የሚለው ቃል መሠረቱን ያጣል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ ሰብሮ አማካዩን መውሰድ አይበቃም። የድካም ውጤት ከናሙና ናሙና እጅግ ይራራቃል። በአማካዩ ዕድሜ የታቀደ ሻንሲ ከመቶው ግማሽ ያህሉ ቀድሞ ይሰበራል ማለት ነው፤ የዩሮኮድ መጠኖች ግን ከመቶው 95ቱ እንዲተርፉ ታስበው የወጡ ናቸው።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በዚሁ ደንብ መሠረት የብየዳ መጋጠሚያ ዕድሜ ከውጥረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር በግልባጭ ይሄዳል። ውጥረቱ በሩብ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ውጥረቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ብቻ ይቀራል። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ከዕድሜው ምን ያህል እንደሚከፍል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሙሉ ሻንሲ መፈተን ከተማሪ አቅም በላይ ነው የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያው ብረት የተበየደ ጠፍጣፋ ናሙና ሠርቶ፣ በሚያመላልስ ማሽን ፈትኖ፣ ውጤቱን ከተወለወለው ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ይህም ካልተቻለ መደምደሚያውን ማጥበብ ለማንም አይከብድም፤ «ይህ ብረት ከዚያኛው ይሻላል» ማለት ለተወለወለ ዘንግ የሚገባ ቃል ነው። «ይህ ሻንሲ አይሰበርም» ማለት ግን አይገባውም። ስንጥቅ ከቀለምና ከጭቃ በታች ተሸሽጎ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ የስሕተታችንን ዋጋ የሚከፍለው ወረቀቱን ያረመው መምህር ሳይሆን በመኪናው የተሳፈረው ሰው ነው።