ዳኝነቱ የማን ነው? በኮምፒዩተር ስለሚታገዘው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ የቀረበ ትችት

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አሳትመው ባወጡ ጊዜ፥ ከመጽሐፉ ሌላ ለተጫዋቹ የሚያስፈልገው ወረቀት፥ እርሳስና ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰዎች ይህንኑ ጨዋታ በየቤታቸው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፥ አንዱ ከሌላው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ይጫወቱታል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሶፍትዌሩ ለጨዋታው ምን እንደ ጨመረለትና ምን እንደሚወስድበት መመርመር ነው።

አስቀድሞ የጨዋታውን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ሰንጠረዥም ሆነ ገበጣ በተወሰነ ሕግ ውስጥ የሚከናወን ነው፤ ተጫዋቹ ከተፈቀዱት እርምጃዎች አንዱን ከመምረጥ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ሰው መሪ ሆኖ ስፍራውንና ሁኔታውን በቃል ይተርካል፤ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ጠባይ ይዘው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ተጫዋቹ በመጽሐፉ ያልታሰበ ነገር ቢያደርግ፥ ለምሳሌ ዘበኛውን በሰይፍ በመውጋት ፈንታ እንዲያዳልጠው ወለሉ ላይ ዘይት ቢያፈስበት፥ መሪው እዚያው ፍርድ ይሰጣል። የጨዋታው ሕይወት ይህ ፍርድ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚመሰገነው ከዚህ ፍርድ በታች ባለው ሥራ ነው። በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ሕግ፥ አንድ ተዋጊ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ጥሎ 13 ቢያገኝና 5 የሚጨመርለት ቢሆን ድምሩ 18 ይሆናል፤ የጠላቱ መከላከያ 17 ከሆነ መታው ማለት ነው። ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። ነገር ግን 10 ፍጥረታት በአንድ ውጊያ ሲሰለፉ የእያንዳንዳቸውን ተራ፥ ጉዳትና የቀረ ጉልበት መመዝገብ መሪውን ያደክማል፤ ተጫዋቹንም ያሰለቻል። በ2004 የተጀመረው ፋንታሲ ግራውንድስ፥ በ2012 ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የተነሣው ሮል ትዌንቲ፥ እንዲሁም በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ይህን ሸክም አቃለዋል። ተለያይተው የሚኖሩ ጓደኞችንም ዳግመኛ አገናኝተዋል። ይህን የሚክድ ቢኖር ፍርደ ገምድል ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ረዳቱ ዳኛ በሆነ ጊዜ ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች የቤቱ ካርታ ከነግድግዳውና ከነመብራቱ ተሥሎ ይቀርባል፤ ተጫዋቹም የእርሱ ገጸ ባሕርይ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ያያል። ይህ እጅግ ያማረ ብልኀት ነው። ዳሩ ግን በቃል ትረካ ጊዜ «በጓሮ በኩል መስኮት የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ የነበረው ተጫዋች፥ አሁን ዓይኑ በተሣለው በር ላይ ይቀራል። ሒሳቡም ሁሉ በአንድ ቁልፍ መጫን በስውር ሲፈጸም፥ ጀማሪው ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም፤ ምክንያቱን ያላወቀ ደግሞ ሊከራከርበት አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ2017 የተከፈተውንና የጨዋታው መጻሕፍት በዲጂታል መልክ የሚሸጡበትን ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለውን አገልግሎት፥ ሐዝብሮ የተባለው ኩባንያ በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በነሐሴ 2024 የታደሰው ሕግ ሊወጣ ሲል፥ በተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ቅጽ ላይ ያሉት የ2014 ድግምቶችና የአስማት ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተነገረ። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ፥ ውሳኔው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ። መሻሩ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ነገሩ አንድ እውነት ገልጧል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን የ2014 መጽሐፍ ማንም በሌሊት መጥቶ ፊደሉን ሊፍቀው አይችልም፤ በሰው ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠው ግን የሚጸናው ባለቤቱ እስከ ፈቀደ ድረስ ነው።

ምናልባት «ይህ የሻጩ ጥፋት እንጂ የሶፍትዌሩ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነትም ፋውንድሪን መሪው አንድ ጊዜ ገዝቶ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊያሠራው ይችላል፤ ተጫዋቾቹም እንዲከፍሉ አይገደዱም። ስለዚህ መሣሪያውን በጅምላ መንቀፍ አይገባም። መመዘን ያለበት መሪው በውጤቱ ላይ የመጨረሻ ቃል ያለው መሆኑ፥ ሒሳቡ ለሁሉ የሚታይ መሆኑና የተገዛው ጽሑፍ በገዢው እጅ ጸንቶ መኖሩ ነው። ይህን ያሟላ ፕሮግራም ጥሩ ጸሐፊ ይባላል። ይህን ያላሟላ ግን ቀስ በቀስ ጨዋታውን ወደ ሰንጠረዥ ይመልሰዋል፤ በዚያውም ላይ የሰንጠረዡን ሕግ ሌላ ሰው እንደ ፈቀደ ይለዋውጠዋል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።