ከመስታወቱ በፊት የተነበበው ወረቀት፦ ራስን ማወቅ በአጣር «መንጢቅ አል-ጠይር»

«መንጢቅ አል-ጠይር» በፋርስ የሱፊ ትረካዊ ግጥም ውስጥ ራስን የማወቅን ጉዳይ በታሪክ መልክ ካቀረቡት ሥራዎች ዋነኛው ነው። በኒሻፑር ከተማ በመድኃኒት ቅመማ ይተዳደር የነበረው ፋሪድ አል-ዲን አጣር የጻፈው በ1177 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ4,000 ጥንድ ስንኞች በላይ ነው። ቅርጹ መስነዊ ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ቤት ስለሚመታ ለረጅም ትረካ ይመቻል።

ንጉሥ የሌላቸው ወፎች ሲሰበሰቡ ሁድሁድ ከቃፍ ተራራ ማዶ ሲሙርግ የሚባል ንጉሥ እንዳላቸው ትነግራቸዋለች። (ሁድሁድ በቁርአን በሰሎሞንና በሳባ ንግሥት መካከል የምትላከው ወፍ ናት።) የመንገዱ ርቀት ሲሰማ ሰበብ ይደረደራል። ቡልቡል ጽጌረዳዋን፣ ዳክዬ ውኃዋን፣ ጭልፊት የንጉሥ ክንድ ላይ መቀመጧን፣ ጉጉት በፍርስራሽ ውስጥ የተቀበረ ወርቋን መተው ያቅታቸዋል። አጣር እዚህ ላይ ሰውን በሚገባ ያውቃል፤ ወፎቹ የሙጥኝ ያሉት ነገር በራሱ ክፉ አይደለም፣ ችግሩ ማንነታቸው አድርገው መያዛቸው ነው።

ወፎቹ በጉዞው ስለሚያቋርጧቸው ሰባት ሸለቆዎች፣ ማለትም ስለ ፍለጋ፣ ፍቅር፣ ዕውቀት፣ መብቃቃት፣ አንድነት፣ ግራ መጋባት፣ እንዲሁም ድህነትና መጥፋት ብዙ ተብሏል። የግጥሙ ጉልበት ግን ከዚህ ዝርዝር ይልቅ ሁድሁድ ለወፎቹ በምትተርከው በሼኽ ሰንዓን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሼኹ 50 ዓመት በመካ የኖሩ፣ 400 ሙሪዶች (ደቀ መዛሙርት) የሚከተሏቸው አዋቂ ናቸው። በሩም (በቢዛንታይን) ምድር ለጣዖት ሲሰግዱ በሕልማቸው ያዩና የሕልሙን ፍቺ ፍለጋ ወደዚያው ይወርዳሉ። እዚያም የአንዲት ክርስቲያን ልጃገረድ ፍቅር ይይዛቸዋል፤ ወይን ይጠጣሉ፣ ሃይማኖታቸውን ይተዋሉ፣ በጥሎሽ ፈንታም ዓመት ሙሉ አሳማ ይጠብቃሉ። ገጣሚው ነገሩን የአንድ ሽማግሌ ውርደት ብቻ አድርጎ አያልፈውም፤ አሳማዎቹ በሰው ሁሉ ውስጥ እንዳሉና መንገድ ያልጀመረ ሰው እንደማያያቸው ይናገራል። ሼኹን ጥለው መካ የገቡት ሙሪዶችም ከወቀሳ አያመልጡም፤ በጉዞው ያልነበረ አንድ ወዳጅ መምህራቸውን በጭንቅ ቀን በመተዋቸው ያሳፍራቸዋል። በኋላ በሙሪዶቹ ጸሎት ሼኹ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ይመለሳሉ፤ ልጃገረዲቱም ተከትላቸው ትሰልምና ትሞታለች።

ከእልፍ አእላፍ ወፎች ከሲሙርግ ደጅ የሚደርሱት 30 ብቻ ናቸው። በፋርስኛ «ሲ ሙርግ» ማለት ሠላሳ ወፍ በመሆኑ፣ ፍለጋው ሁሉ ራሳቸውን በንጉሡ መስታወት በማየት እንደሚፈጸም በሰፊው ይታወቃል። ይህ የተለመደ አተረጓጎም ግን አንድ ትዕይንት ያስረሳል። አጋፋሪው ወፎቹን ካስገባ በኋላ በፊታቸው ወረቀት ያኖራል፤ አንብቡ ይባላሉ። አጣር እዚህ ላይ የዮሴፍን ወንድሞች ይጠራል፤ ዮሴፍ ግብፅ ላይ ራሱ የተሸጠበትን ውል ሲሰጣቸው አንደበታቸው ይታሰራል። ወፎቹም በወረቀቱ ላይ ያገኙት የገዛ ሥራቸውን ነው፤ የነፍሳቸውን ዮሴፍ ጉድጓድ ጥለው ሸጠውታል። በእፍረት አመድ እስኪሆኑ ድረስ መስታወቱ አይገለጥም። ስለዚህ አጣር ዘንድ ራስን ማወቅ የተሰወረ ክብርን ድንገት ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ክሱ አስቀድሞ ይነበባል። ከመጥፋት በኋላ ስለሚሰጠው አዲስ ሕይወት ግን ገጣሚው በጥቂቱ ብቻ ተናግሮ፣ የሚወደውን የቪዚሩን ልጅ ይገደል ብሎ አዝዞ ስለተጸጸተ ንጉሥ ወደሚናገር ሌላ ታሪክ ያልፋል።