ሩዝ ወደ ቡሖው ሲገባ

ምግብንና ሕይወትን አዋህዶ የሚተርክ ግለ ታሪክ ሲነበብ ደስ የሚያሰኘው ጣዕምን ስላሞገሰ አይመስለኝም። «እጅ ያስቆረጥማል» እየተባለ የተጻፈ ገጽ ምራቅ ሊያስውጥ ይችላል፤ አንባቢውን ግን ከማዕዱ አያስቀምጠውም። ግለ ታሪክ የምናርም ሰዎች ከረቂቁ የምንፈልገው ሌላ ነው፦ እህሉን ማን ፈጨው፣ በምን ተሰፈረ፣ ሲያልቅ በምን ተተካ፣ ለማን ቀድሞ ቀረበ። ደስታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ብዙ ያሳምራል፤ ስለ እንጀራው ሥራ በዝርዝር ሲጽፍ ግን የኖረበትን ዘመን ሳያስበው ይገልጠዋል።

ለዚህ ከፎገራ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ከሩዝ በፊት ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር፤ ላሞቹ በወተታቸው የታወቁ ናቸው። ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት ሩዝ ተዘራ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሌላው እህል ቢያስቸግርም ለሩዝ ተስማማው፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ የበዛባት ከተማ ናት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ፎገራ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ከሪፖርት ማግኘት ይቻላል። ሪፖርት የማይነግረን ሩዙ ወደ ቡሖው የገባበትን መንገድ ነው። የሩዝ እንጀራ ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደርቃልና ከጤፍ ጋር ይደባለቃል። በምን ያህል? ለእንግዳ ሲሆን መጠኑ ይለወጣል? ጤፍ ሲወደድ ወዴት አጋደለ? በመጀመሪያ የደባለቀችው እመቤት ለቤተሰቡ ተናገረች ወይስ በልተው እስኪያውቁት ዝም አለች? አንድ አገር የምግብ ልማዱን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲለውጥ ውሳኔው የተወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ነው፤ የሚመልሳቸውም ያንን ሊጥ ያቦካ ሰው ብቻ ነው።

ትዝታ ያጣፍጣል፣ ስለዚህ አይታመንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን የምግብ ትዝታ ከብዙ ትዝታዎች ይልቅ ለመፈተን ይቀላል። በንጉሡ ዘመን ልጅ ሳለሁ የጎረቤት ሁሉ ሞሶብ በሩዝ እንጀራ ይሞላ ነበር ብሎ የሚጽፍ የፎገራ ሰው ቢኖር፣ የአካባቢው አንባቢ ወዲያው ይይዘዋል። ደግሞም ጥሩ ጸሐፊ የማያስታውሰውን አያስታውስም። በኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው የወጥ ቤት ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው «የስ፣ ሼፍ» በተባለው ግለ ታሪኩ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችውን ኢትዮጵያዊት እናቱን ያነሣል። በሕፃንነቱ ስለተለያት ፎቶግራፏ እንኳ የለውም። ወደ እርሷ የሚቀርበው በበርበሬ ነው፤ የጎደለውንም ትዝታ በፈጠራ አይሞላውም። መጽሐፉን እንድናምነው የሚያደርገን ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ረኃብን በሚያውቅ አገር ስለ ምግብ ማውጋት ነውር ነው ይባላል። እኔ ተቃራኒውን አስባለሁ። በምግብ የተጻፈ እውነተኛ ሕይወት ጾሙንም፣ የነሐሴን የጎተራ ባዶነትም፣ ማሳ በጎርፍ የሄደበትን ዓመትም ይዟል። ነውር ተብሎ ሲተው የሚቀረው የትልልቆቹ ማዕድ ብቻ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» መጽሐፋቸው የቤተ መንግሥቱን ግብር በመመዝገባቸው ባለውለታችን ናቸው፤ የገበሬው ቤት ግን እንዲህ ያለ መዝጋቢ አላገኘም።

የፎገራ እናቶች ብዙዎቹ አይጽፉም፤ ቃላቸውን ተቀብሎ የሚጽፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የአርታኢው እጅ መታገሥ አለበት። ቁና፣ ጣሳና እፍኝ ወደ ኪሎ አይቀየሩ፤ የተናጋሪዋ ሒሳብ በጣሳ ነው። «ሁለት፣ የለም፣ በዚያ ዓመት እንኳ ሦስት ነበር» ብላ ራሷን ካረመች፣ እርማቷም እንዳለ ይታተም።