የእርከን ደመወዝና የእህል በረንዳ ዋጋ

መንግሥት አፈርና ውሃ ለማስጠበቅ ለገበሬው የሚከፍለው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በወረዳ መዝገብ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተካበ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ ተብሎ ይጠየቃል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከመርካቶ፣ ከእህል በረንዳ በኩል ልንመለከተው አስበናል። ኮረብታው ወሎ ቢሆንም፣ የገበሬው ድካም ስንት እንጀራ እንደሚሆን የሚወስነው የገበያ ዋጋ ነውና።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ለችግረኛው ቤተ ሰብ በአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ ተመደበለት፤ ሥራውም እርከን መካብ፣ ኩሬ መቆፈር፣ መንገድ መጥረግ ነበር። የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። መሥራት የማይችሉት ያለ ሥራ ይረዱ ነበር። በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ አስቀድሞ በታወቀ መጠን መክፈል ትልቅ መሻሻል መሆኑን አንክድም።

ይሁን እንጂ 6 ብር ከ3 ኪሎ ጋር የሚተካከለው ኩንታሉ 200 ብር ሲሆን ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ናረ። በዚያው ዓመት ደመወዙ 8 ብር ቢደረግም፣ ኩንታሉ 400 ብር በሆነበት ገበያ 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ነው። እህል የተቀበለው ጎረቤት ግን 3 ኪሎውን እንደ ያዘ ቀረ። ሁለቱም የተሸከሙት ድንጋይ አንድ ነው። ጥሬ ገንዘብ ገበያን ያነቃቃል የሚለው አሳብ እውነት ቢሆንም፣ የዋጋው አደጋ በሙሉ ሊሸከመው በማይችል ሰው ጀርባ ላይ ተጫነ። በኋለኞቹ ዓመታት የእህሉን ዋጋ እየተመለከቱ ደመወዙን ማሻሻል መጀመሩ ይህንኑ ጉድለት ያስረዳል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን የሚከፈለው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚመለከት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ እርከን ለብሶ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላና በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ፣ በብዙ ስፍራ ገበሬዎች እርከኑን አፈረሱ፤ የተከለለውንም ደን ቈረጡ። ይህን ከድንቁርና የሚቈጥሩ አሉ፤ እኛ አንስማማም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፣ በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይሸሸግበታል። ጥቅሙ የሚታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ክፍያው ለመካብ እንጂ ለመጠበቅ ስላልነበረ፣ የመጨረሻው ስንዴ ሲሰፈር ውሉም አብሮ አለቀ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሕግ፣ የሚሸረሸር መሬቱን በሣር ወይም በዛፍ ለሚሸፍን ገበሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚቈይ ውል በየዓመቱ ይከፈለዋል። የእኛ ገበሬ ማሳው ጠባብ ስለሆነ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሆኖም አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ እዚያ የሚከፈለው ለዋለው ቀን ሳይሆን ጸንቶ ለቆየው ነገር ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ደመወዙ በብር ቢከፈልም በኪሎ ይታሰብ፤ ከክፍያውም ጥቂቱ ክረምቱን ችሎ ለቆመ እርከን ይሰጥ። እርከኑ የመንግሥት መስሎ እስከ ታየው ድረስ፣ ገበሬው ሊጠግነው ድንጋይ አያነሣም።