መጋረጃውን ስባ የምትጠይቀው

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው፤ ወገቡን የተጎዳ ሠራተኛ ብርቅ አይደለም። ሐኪሙ ስለ አጥንቱ፣ ጎረቤቱ ስለ እንጀራው ይጠይቀዋል። ስለ መኝታውስ? እኔ የማደንቀው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዋን ነው፤ መልበስና መታጠብ ካለማመደች በኋላ መጋረጃውን ስባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ከባለቤትዎ ጋር መኝታ ላይስ እንዴት ናችሁ?» የምትለውን። (ሙያው አገራችን ውስጥ ገና ለጋ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል።) አሜሪካዊው ጃክ አኖን ስለ መኝታ ጉዳይ ለማማከር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ባለ አራት ደረጃ ዘዴ መጀመሪያው ይኸው ነው፦ ሰውየው እንዲናገር ፈቃድ መስጠት። ነውር ነው የሚል፣ ስለ ሽንቱ ሲጠየቅ ለምን አላፈረም? ብዙው ሰው የሚፈልገው ምክር ቀላል ነው፦ ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ፣ በጎን መተኛት፣ ማስታገሻው በሚሠራበት ሰዓት መቀራረብ። ሚስቲቱም ብትኖር ይሻላል፤ የምትጠይቀው አታጣም።