ምስክርነት ሁሉ በእልልታ አያልቅም

በአምልኳችን «ምስክርነት ያለው» ሲባል እጁን የሚያነሣ ሰው ታሪኩን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያደርሰው ሁላችን እናውቃለን። ታምሜ ነበር፣ ተጸለየልኝ፣ ተፈወስኩ ይላል፤ ጉባኤውም እልል ይላል። መልካም ነው። ከናዚ ካምፖች የተረፉ ሰዎችን ምስክርነት ግን በዚሁ ጆሮ ካነበብነው የሚያመልጠን ብዙ ነው።

በወጣት ኅብረቶቻችን የአይሁድ ስደት ሲነሣ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው የኮሪ ቴን ቡም «መሸሸጊያ ስፍራ» ነው፤ በእንግሊዝኛ በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው። ኮሪ በሆላንድ፣ በሃርለም ከተማ የምትኖር ሰዓት ሠሪ ነበረች። ከአባቷና ከእኅቷ ከቤትሲ ጋር አይሁዶችን በቤታቸው ሸሸጉ፤ በየካቲት 1944 እ.ኤ.አ. ተያዙ። አባቷ ከአሥር ቀን በኋላ በእስር ሞቱ፤ ቤትሲም በዚያው ዓመት ራቨንስብሩክ በተባለው ካምፕ ሞተች። ሰባኪዎቻችን ከዚህ ሁሉ የሚወድዱት የቁንጫውን ታሪክ ነው፦ ጠባቂዎቹ ቁንጫ ፈርተው ወደ ክፍሉ ስላልገቡ እስረኞቹ መጽሐፍ ቅዱስ በነጻነት አነበቡ።

ለእኔ ግን የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል ሌላ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሰዓቱን ሊያሠራ ወደ ሱቁ ይመጣል። ኮሪ አንዲት አይሁዳዊት እናትና አራስ ልጇን እንዲያስጠጋ ትለምነዋለች፤ ሕፃኑንም አምጥታ ታሳየዋለች። ሰውየው ለአንድ አፍታ ልቡ ይራራል፤ ከዚያ ግን በነፍሳችን ያስፈርድብናል ብሎ እምቢ ይላል። ሽማግሌው አባቷ ሕፃኑን ተቀብለው ያቅፉታል። ጸሐፊዋ አገልጋዩን አትሰድበውም፤ ያደረገውን ብቻ ትነግረናለች። ጥሩ ምስክር እንዲህ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት ምንድን ነው? አይሁዶቹን የምናያቸው በአስተናጋጃቸው ዓይን ነው። አንባቢው ምንም ሳይከፍል ከአዳኞቹ ወገን ይቆማል። ስለዚህ አጠገቡ የኤሊ ቪዘል «ሌሊት» ይቀመጥ። ቪዘል በ1944 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቱ ወደ አውሽቪትስ ተወሰደ፤ እናቱና ታናሽ እኅቱ እዚያ ተገደሉ፤ አባቱ ቡኸንቫልድ ውስጥ ሞተ። ልጁ ከእግዚአብሔር ጋር ይሟገታል፤ ሙግቱም በዝማሬ አይዘጋም። ለወጣት እምነት አይበጅም የሚል መሪ ይኖራል። እንዲህ ላለው መሪ በጨለማ የሚያበቃውን መዝሙር 88ን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ማን እንዳስገባው እጠይቀዋለሁ።

አውሮፓ ሩቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ ያለው የጎንደር አገር ግን ሩቅ አይደለም። ቤተ እስራኤል ለዘመናት የኖሩት በዚያ ነው። «ፈላሻ» ተባሉ፤ ርስት ተከለከሉ፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው ታሙ። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድና በስደተኛ ካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዳለቁ ይገመታል። ጋዲ ቤን ኤዘር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ ይህን ጉዞ በልጅነታቸው የተጓዙትን አናግሮ ታሪካቸውን በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ተራኪዎቹ የእናንተ እኩዮች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የሚችል መሪ አንድ ታሪክ መርጦ በአማርኛ ቢያነብላችሁ ከአንድ ስብከት ይበልጣል።

እንግዲህ የቢቸና ወጣቶች የአውሽቪትስን ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከማን፣ ስለ ማን እንደሰማችሁት ተነጋገሩ። በእኛም በጎጃም ባለ እጅ በዚህ ቃል ይታማል፤ ቃሉም የሚወረሰው ከቤት ነው። የሞጣ ልጆች ደግሞ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በከተማችሁ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ሱቅ ሲዘረፍ ያያችሁ ወይም የሰማችሁ ናችሁ። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ካለቁበት ጋር እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ ያኛውን የፈጸመው ሙሉ መንግሥት ነው። ነገር ግን በሩን የከፈተ ማን ነበር፣ የዘጋስ ማን ነበር የሚለው ጥያቄ በሞጣም ይጠየቃል።

መሪዎች ሆይ፣ የአገልጋዩን ገጽ ስታስነብቡ ወደ ሽማግሌው ለመድረስ አትቸኩሉ። አገልጋዩ እምቢ ያለበት ላይ መጽሐፉን አጥፉና ወጣቶቹ ስለ እርሱ ይናገሩ፤ ሕፃኑን ያቀፉት አባት ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆዩ።